ማርቆስ ላይ «ያለ ማዘዣ አልሰጥም» የምትል መድኃኒት ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት አልጠፋም። እኔ ግን ልጆቼ ሲታመሙም፣ እናቴ ከገጠር ስትመጣም የምሄደው ወደ አንዲቷ ብቻ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ሁለት ሰው መስኮቱ ጋ ከቆመ ሦስተኛው ክረምት ላይ ዝናብ ይመታዋል። ዋጋዋም ከሌላው እምብዛም አይለይም። የምወዳት ፋርማሲስቷ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለማትሸጥ ነው።

ሕጉም እንደዚያው ነው የሚለው። ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ስትለው ከእሽጉ ላይ አራት ፍሬ ቆርጦ የሚሰጥ ቤት ሞልቷል። እዚህ አይሆንም። አንድ ጊዜ ተራ እየጠበቅሁ አንድ አባት መጡና ለጉንፋን ካፕሱል ጠየቁ።

«አባባ፣ ትኩሳት አለዎት? ትንፋሽስ ያጥርዎታል?»

«ኧረ የለም ልጄ፣ ማስነጠስና ንፍጥ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ጉንፋን ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። ይኼ መድኃኒት የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፣ አይረዳዎትም። ብርዎን ይያዙት። ትኩስ ነገር ይጠጡ፣ ይረፉ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

ሰውየው ቅር ብሏቸው ወጡ። እሷ ያንን ሽያጭ አጣች። እኔ ደግሞ ያን ቀን ደንበኛነቴ ጸና።

እዚያ ተራ ስጠብቅ ጆሮዬን ጥዬ ብዙ ተምሬያለሁ። አንቲባዮቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። የፔኒሲሊን ወገን የሚባሉት አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊንና ኦግመንቲን ናቸው። እነዚህን ከመስጠቷ በፊት «ፔኒሲሊን ወስደው ሰውነትዎ አሳክኮት ወይም ፊትዎ አብጦ ያውቃል?» ሳትል አታልፍም። አለርጂው ሰው ሊገድል ይችላል። በወር አንዴ የሚወጉት የቤንዛቲን መርፌም ከዚሁ ወገን ነው። ባክቴሪያ ያመጣው ቶንሲል በወጉ ሳይታከም ቀርቶ ልባቸውን የጎዳው ልጆች ለዓመታት የሚወስዱት እሱን ነው። ስለዚህ ሐኪም ለቶንሲል 10 ቀን ካዘዘ 10 ቀን ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ኳስ መጫወት ቢጀምርም መድኃኒቱ ይቀጥላል።

የልጆች ሽሮፕ ላይ ያላት ትዕግሥት ለብቻው ይጻፍለት። ዱቄቱን እንዲሁ አሽጋ አትሰጥም። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋ ዱቄቱን ታላቅቃለች። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ግማሽ ድረስ ጨምራ ትንጣለች። ከዚያ እስከ ምልክቱ ትሞላና እንደገና ትንጣለች። ውሃ ከበዛ መድኃኒቱ ይሳሳል፣ ካነሰ ይበረታል። መለኪያውም የቤት ማንኪያ አይደለም። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በእስክሪብቶ ታሰምርላችኋለች። ጠርሙሱ ላይ የተበጠበጠበትንና የሚደፋበትን ቀን ትጽፋለች፤ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። የታዘዘው ቀን ካለቀ በኋላ የተረፈውን «ለታናሹ ይሆናል» ብሎ ማስቀመጥ የለም።

ሰዓት ስትናገርም በእኛ አቆጣጠር ነው። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ ከሆነ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» ብላ በአማርኛ ትጽፋለች። እናቴ እንግሊዝኛውን «በቀን ሦስቴ» ብለው ሲተረጉሙላት ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ ላይ ጨርሳው ታድር ነበር።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ስለ ጾም መጠየቋ ነው። ጎጃም ውስጥ አዋቂ ሰው፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ሊውል ይችላል። የጠዋቱ ኪኒን ያልፋል፣ ማታ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ይዋጣል። እሷ «ይጾማሉ?» ብላ በቀጥታ ትጠይቃለች። አዎ ካሉ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ፣ ካልሆነም ሐኪሙ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ እንዳለ እንዲያይላቸው ትመክራለች። ጠበል የሚገቡትንም አትገስጽም። «ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም አያቋርጡ» ነው የምትለው።

ስለ ምግብና መጠጥ የምትናገረውን ያዙ። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር አይሄድም። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) በወተት፣ በእርጎ፣ በጨጓራ ማስታገሻ ወይም በአይረን ኪኒን አይዋጥም፤ ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። ሲፕሮ ሲወስዱ የተረከዝ ጅማት ካመመ አቁሞ ለሐኪም መንገር ነው። ዶክሲሳይክሊን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይወሰዳል፣ ወዲያው ጋደም ማለት የለም፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ፀሐይ ላይም ቆዳ ያቃጥላል፤ አጨዳ ላይ ለሚውል ገበሬ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ዶክሲም ቴትራሳይክሊንም ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይታዘዙም፣ የልጁን ጥርስ ያበላሻሉ። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ጠላም አረቄም ይተው፤ ከጨረሰ በኋላም እስከ 3 ቀን። ድግስ ላይ «አንድ ብርሌ ምን አላት» ለሚሉ ሰዎች ይኼንን ደጋግማ ስትነግር ሰምቻታለሁ።

አዚትሮማይሲንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በትራኮማ (የዓይን ሕመም) ዘመቻ ቁመታችን እየተለካ ስንውጠው ነው። አንዴ ውጠን ስለምንገላገል ሌላውም እንዲሁ ይመስለናል። እሷ እንዳስረዳችው፣ አዚትሮማይሲን ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። አሞክሳሲሊን ግን በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። አንዱን በሌላው መለካት አይቻልም።

ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌ በተመለከተ «መርፌው ይሻለኛል» ብሎ የሚለምን ብዙ ነው። ለከባድ ሕመም የሚቀመጥ መድኃኒት ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታነካካውም። ጄንታሚሲንም እንደዚያው ነው፣ መጠኑ ካለፈ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል።

ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በእኛ አገር የተለመደ ነው። አንዷ እናት ለዚያ ልትገዛ ስትል «እትዬ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ ካመረቀዘ ደግሞ ለሐኪም ያሳዩት» ብላ መለሰቻት። ባክቴሪያው ትንሽ ትንሽ መድኃኒት እየቀመሰ ሲለምደው፣ በእውነት የሚያስፈልገን ቀን አይሠራልንም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ነው። በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ራሱ ያስጠነቀቀው ይኼንኑ ነው። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ለብቻ የሚነጋገሩበት ቦታ የለም። የሽንት ቧንቧ ሕመም ያለባት ሴት ከኋላዋ ሰልፍ ቆሞ እንዴት ትናገር? አንድ መጋረጃ ቢሰቀል ችግሩ ይቃለላል፣ ባለቤቱ ይኼን ካነበበ እባክህ አድርገው። የልጆች ኦግመንቲን ሽሮፕም አንዳንዴ ያልቃል። ያኔ ሐኪሙ ያዘዘውን በራሷ አትቀይርም፣ ተመለሱና አስቀይሩ ትላለች። ሁለት ጊዜ መመላለስ ያደክማል፣ ግን ልክ ናት።

ከሄዳችሁ ማዘዣችሁን ያዙ፣ ቤት የተረፈ ኪኒን ካለም ከነካርቶኑ አሳዩአት። በገበያ ቀን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል።