የላስቲክ ግሪን ሀውሴ ከ14 ወር በኋላ

ሲሸጥልኝ ሰውዬው የነገረኝ ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ነበር። ስለ ሙቀት ትንፍሽ አላለም። በ14 ወር ውስጥ ፍዳዬን ያሳየኝ ግን ሙቀቱ ነው።

ቤቱ ወርዱ 8፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ነው፤ የብረት ቧንቧ ላይ ውፍረቱ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) የሆነ ላስቲክ ተወጥሮበታል። የግራና ቀኙ ላስቲክ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ክፍተቱ ግን ከጉልበቴ አያልፍም ነበር። በመጀመሪያው ዙር ቲማቲሙ አምሮበት አደገ፣ አበባም አወጣ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ገብቼ ቴርሞሜትሩን ባየው 41 ዲግሪ ይላል። በሳምንቱ ከአንገቱ የተቀነጠሰ ቢጫ አበባ ከመደቡ ላይ በእፍኝ ለቀምኩ። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም የአበባ ዱቄት ይመክናል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ይህን የተማርኩት ከረገፈ በኋላ ነው።

ክፍተቱን እስከ ደረቴ ከፍ አስደርጌ፣ ነጭ ዝንብ የሚባለው ተባይ እንዳይገባ በመረብ ጋረድኩት። መረቡም የራሱ ጣጣ አለው፤ ነፋሱን ይቀንሳል፣ ንብም አያስገባም። ስለዚህ ረፋድ ላይ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ በዱላ መታ መታ እያደረግሁ አበባውን አነቃንቃለሁ። (ልጆቼ «አባዬ ቲማቲም እየገረፈ ነው» ይላሉ።)

ሁለተኛው ዙር ካሰኝ። በዝናቡ ወራት ሜዳ ላይ ያለው ቲማቲም ቅጠሉ ጠቁሮ ሲበሰብስ፣ የእኔ ቅጠሉ ሳይረጥብ ከረመ። ምርቱ ከሌላው ጊዜ እጅግ የበዛ ሆኖ አይደለም፤ ሌላው ሰው ባጣበት ሰዓት መድረሱ ነው ትርፉ። ድሮ ነጋዴ የምለምነው እኔ ነበርኩ፤ አሁን እሱ ማሳዬ ድረስ ይመጣል። ለማሰርና ለመልቀም ሁለት ጎረቤቶቼን ቀጥሬያለሁ። የስፔኗ አልሜሪያ ከድህነት የወጣችው ከ30,000 ሄክታር በላይ በላስቲክ ሸፍና ነው ሲባል ማጋነን ይመስለኝ ነበር። እዚያ በጋ ሲመጣ ጣሪያውን ኖራ ይቀቡታል፤ እኔም በጥብጬ ረጨሁት፣ ሙቀቱም ረገብ አለ።

ያልወደድኩት ሌላው ነገር፣ ላስቲኩ ቧንቧውን የነካበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ሆኖ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። በፀሐይ የጋለው ብረት ነው የሚያቃጥለው። ሌላው ገና ጠንካራ ነው። ንጋት ላይ ደግሞ ከጣሪያው ጠብታ ይወርዳል፤ ቶሎ ካልከፈትኩት ሻጋታ ይከተላል።

ሁለተኛ ቤት አዝዣለሁ፤ ከፍ ያለ፣ ጣሪያው ላይ መክፈቻ ያለው። ላስቲኩ ከመወጠሩ በፊት ቧንቧውን ነጭ ቀለም እቀባዋለሁ።