«ቀዳዳው ከገጠመ ይሆናል» የሚል የቸርኬ ሻጭ አትመኑ

ለቪትዝና ለያሪስ ቸርኬ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ወንድሜ ሰሞኑን ለቪትዙ ያገለገለ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ገዛ። ሻጩ «4 ቀዳዳ ነው፣ 4 በ100 ነው፣ አትስጋ» አለው። 4 በ100 ማለት አራቱ የቡሎን ቀዳዳዎች ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ናቸው ማለት ነው። ቡሎኑ እውነትም ገባ። ከኋላ ሰው ሲጫን ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ይፋተግ ጀመር። ሊመልስ ሲሄድ «የታሰረ ዕቃ አይመለስም፣ ፓራፋንጎውን በመዶሻ አሳጥፈው» ተባለ። በጣም ነው የተናደድኩት።

የተደበቀው ነገር ኦፍሴቱ ነው። ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬ የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሀል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል። የድሮው ቸርኬ ወርዱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ነበር። የተሸጠለት 7 ኢንች ሆኖ ኦፍሴቱ 20 ነው። ወርዱ ስለጨመረ ብቻ በየጎኑ 19 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ኦፍሴቱ ሲቀንስ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ድምሩ 44 ሚሊ ሜትር! ፓራፋንጎ ቢታጠፍም ጣጣው አያልቅም። ኩሽኔታው ያለልክ ይጫናል፣ ጉድጓድ ስትገቡ መሪው ከእጃችሁ ሊያመልጥ ይታገላል።

ሌላው ወጥመድ የሆንዳ ቸርኬ ነው። እሱም 4 በ100 ስለሆነ ለቶዮታ በቀላሉ ይሸጣል። ግን የመሀል ቀዳዳው 56.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቪትዝ ሞዞ 54.1 ነው። ማሟያ ቀለበት ካልገባበት ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ዳዶው ነው። የሆንዳ ኦሪጅናል ቸርኬ የዳዶ መቀመጫው ክብ ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ዳዶ ግን ሾጣጣ ነው። የጠበቀ ይመስላል እንጂ በቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚነካው። እየላላ ሄዶ ጎማ መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ቸርኬ አስፈትታችሁ ጀርባው ላይ የተቀረጸውን ወርድና ኦፍሴት በስልክ አንሱት። ከዚያ የሚሸጠውን ገልብጡትና «ኢቲ» (ET) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር፣ ማለትም ኦፍሴቱን፣ አስተያዩ። ወርዱ ተመሳሳይ ከሆነ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብዙ አያስቸግርም። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ ትታችሁ ሂዱ። ሻጩ «ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መሀል የሚገባ ማራቂያ) እናስገባበታለን» ካላችሁም የያዘው ልክ እንዳልሆነ እየነገራችሁ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ አሳስራችሁ ሞክሩት። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ ከኋላ ሰው አስቀምጡ። ደረሰኙም ላይ ወርዱንና ኦፍሴቱን፣ «ካልሆነ ይመለሳል» የሚለውንም አጽፉ። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ ቸርኬ እንደሆነ ሞልቷል።