የልብ ፓምፕ ወይስ የተተካ ልብ?

የልብ ፓምፕ፣ ማለትም የደከመ ልብ ደም እንዲገፋ የሚያግዝ በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ፣ የተገጠመለትም ሆነ የሌላ ሰው ልብ የተተካለት ታካሚ ቀድሞ ትንፋሽ ያሳጣውን ደረጃ ዳግም ሊወጣ ይችላል፤ ልዩነቱ የሚታየው በዕለት ኑሮው ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ባለፓምፕ ከሆዱ የሚወጣውን ገመድ፣ መቆጣጠሪያውንና ባትሪዎቹን ይዞ ይጓዛል፤ መዋኘት አይችልም፣ የገመዱን መውጫ ከኢንፌክሽን ይጠብቃል፣ የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን ስለሚወስድም ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የተሞላ መለዋወጫ ባትሪ ከአጠገቡ ሊለይ አይገባም፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለዚህ ነው። (ፓምፑ ደሙን ያለማቋረጥ ስለሚገፋ የልብ ምቱ በእጁ አንጓ ላይ ላይገኝ እንደሚችል ቤተሰቡም ሊያውቅ ይገባል።) ልብ የተተካለት ሰው ከገመድ ነፃ ቢሆንም፣ ሰውነቱ አዲሱን ልብ እንዳይቃወም የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። ለጋሽ እስኪገኝ መቆየት ለማይችል ታካሚ ግን ፓምፑን አስቀድማለሁ።