የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶች፣ «ሙሉ የነዳጅ መስመር እድሳት» ሲሏችሁ ቱቦውን ሳታነቡ አትክፈሉ

የምጽፈው አዳማ ውስጥ አሮጌ የቮልስዋገን ሚኒባስ ለምትነዱ፣ በተለይም እንደ እኛ ቤት ከኋላው አልጋና ምድጃ ገጥማችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ ለምትወጡ ነው። በከተማችን ለእነዚህ መኪኖች «ሙሉ የነዳጅ መስመር እድሳት» በሚል ስም የሚሸጥ ሥራ አለ። ቱቦው፣ ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) እና የእጅ ዋጋው በአንድ ሒሳብ ይጠየቃል፤ ቱቦውም «ኦሪጅናል የጀርመን» ይባላል። ለእኛ የተገጠመው ቱቦ ግን ለነዳጅ የተሠራ አልነበረም። ክረምቱ ሳይወጣ ደርቆ ጫፉ ተሰነጠቀ፤ ቤንዚን ሞተሩ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። መካኒኩ ሲጠየቅ «የአዳማ ሙቀት ነው» አለ። የአዳማን ሙቀት የማይችል ቱቦ ታዲያ ከሞተር በላይ ምን ሊሠራ ይገጠማል?

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልቆጣም ነበር። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ደግሞ ከሞተሩ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፖምፓ በፊት ያለው ቱቦ ከተቀደደ ሞተሩ ቢጠፋም ቤንዚኑ በራሱ ክብደት መፍሰሱን አያቆምም። ከሥሩ የጋለ ሲሊንደር፣ ከጎኑ ደግሞ የእሳት ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አለ። የብዙዎቹ የሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ በእሳት ከተያያዘ ውኃ ጭራሽ ያባብሰዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ፣ ልጆች ከሚተኙበት አልጋ ሥር ይከማቻል።

እውነተኛ የነዳጅ ቱቦ ማንነቱ በላዩ ተጽፎ ይመጣል። የነዳጅ ቱቦ ደረጃ መለያ የሆነውን «ኤስኤኢ ጄ30» (SAE J30) የሚለውንና ከእሱ ቀጥሎ «አር7» (R7) ወይም «አር9» (R9) የሚለውን ፈልጉ፤ የጀርመኑ ደረጃ ከሆነ «ዲን 73379» (DIN 73379) ይላል። ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር ለሚቀላቅል ሞተር አር7 ይሠራል፤ እኔ ግን አር9 ካገኛችሁ ተጨማሪውን ብር አትሰስቱ እላለሁ፤ ኢታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን የበለጠ ይቋቋማል። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ጎማ የውኃ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ውስጡን አሳልፎ የሚያሳየው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦም ቤንዚን ሲነካው እየደረቀ ይሰባበራል። ላዩ በጨርቅ የተሸመነው ለዓይን ያምራል፤ ስንጥቁን ግን ሸማው ስለሚደብቀው ዕድሜውን ካላወቃችሁ አትመኑት።

ሁለተኛው ማታለያ «ሙሉ» የሚለው ቃል ነው። ከሰልባትዮው ራስ ላይ የሚነሡት የመተንፈሻ ቱቦዎች በአብዛኛው ሞተሩ ሳይወርድ አይደረስባቸውም። ሞተር ሳያወርድ በአንድ ሰዓት ጨርሶ «ሁሉንም ቀይሬያለሁ» የሚል ሰው የቀየረው ከላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ለእኛ ደግሞ የፕላስቲክ ፊልትሮውን ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ አንጠልጥለውት ነበር። ትክክለኛ ቦታው ግን ከሰልባትዮው በታች፣ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ነው። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባውን የነሐስ አፍም በእጃችሁ ነቅንቁት፤ ከላላ አንድ ቀን ከነቱቦው ሊወልቅ ይችላል።

ሥራው ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ሥራው ከደጅ፣ የቡና ከሰል ከሌለበት ቦታ ይሁን። የሚቀዳው ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በባልዲ ሳይሆን ክዳን ባለው የብረት ጀሪካን ይግባ። ደረሰኙ ላይ የቱቦው ዓይነትና ርዝመት ይጻፍ፤ ለእኛ «የነዳጅ እቃ» ብቻ ተብሎ ስለተጻፈ ሱቁ «ይህ ከእኛ የወጣ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» ብሎ ገንዘባችንን ሳይመልስ ቀርቷል።

ይህን «እድሳት» በቅርቡ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የኋላውን ክዳን ክፈቱና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። ጽሑፍ ከሌለው፣ ወይም መኪናው ውስጥ ቤንዚን ከሸተታችሁ፣ ቱቦው እስኪቀየር አትንዱት፤ ምድጃውን አታቀጣጥሉ፤ ማንንም ውስጡ አታስተኙ።