ወኪል ኪራይ ሲያስቀር፦ በውክልና ግዴታ ልክሰስ ወይስ በአላግባብ መበልጸግ?

ውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ያለ ቤታቸውን በወንድም ወይም በአጎት በኩል የሚያከራዩ ብዙ ናቸው። ኪራዩ ወኪሉ ኪስ ሲቀር የትኛው ክስ ይሻላል?

የውክልና ክስ፦ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2208 ወኪል ለወካዩ ፍጹም ታማኝ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሒሳብ ማቅረብም አለበት። ትልቁ ጉልበቱ ይህ ነው። ውክልናውን፣ የኪራይ ውሉንና «ተከራዩ ከፍሏል» ብሎ በቴሌግራም የላከውን መልእክት ካቀረቡ፣ ብሩ የት እንደደረሰ ማስረዳት የወኪሉ ፋንታ ይሆናል። ለደረሰ ጉዳትም ካሣ ይጠየቃል።

አላግባብ መበልጸግ (ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ድካም ወይም ንብረት መጠቀም)፣ የዚሁ ሕግ ቁጥር 2162፦ ውል አይፈልግም። የሚመለሰው ግን ተከሳሹ በተጠቀመው ልክ ብቻ ነው፤ በቅን ልቦና ተቀብሎ ጥቅሙ ከእጁ ከወጣም ላይመለስ ይችላል።

የዳኝነት ክፍያው በሁለቱም በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ይሰላል።

በውልና ማስረጃ የጸደቀ ውክልና ካለዎት የመጀመሪያውን ይያዙ፤ ዘመድ ነው ብለው መብትዎን አይተዉ። ውክልና ካልነበረ፣ ወይም ገንዘቡ በስህተት ሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ከገባ፣ መንገዱ ሁለተኛው ነው።