ግላዊነቱን ለሚጠብቅ የሊኑክስ ተጠቃሚ፦ አሮጌ ቲንክፓድ፣ ፍሬምወርክ፣ ራስፕቤሪ ፓይ 5 ወይስ ሪስክ-ቪ?

ሪስክ-ቪ ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ ስለገዛችሁ ብቻ የግል መረጃችሁ አይጠበቅም። ብዙ ገዢ የሚሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር። ሪስክ-ቪ ላይ ክፍት የሆነው የመመሪያ ስብስቡ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸው ትእዛዞች ዝርዝር ነው። በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ዛሬ በስዊዘርላንድ በተመዘገበው ሪስክ-ቪ ኢንተርናሽናል ሥር ነው፤ ማንም የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ይጠቀምበታል። በዚያ ዝርዝር መሠረት የሚሠራው ቺፕ ግን ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹም ዝግ ናቸው። ቪዥንፋይቭ 2 የተባለው ቦርድ ላይ ያሉት አራት ዩ74 ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ሳይፋይቭ የተባለው ኩባንያ በፈቃድ የሚሸጣቸው ናቸው።

ስለዚህ ስታነጻጽሩ መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነው። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፈርምዌር (ቺፕ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር) የማን ነው? ድራይቨሮቹ ዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገብተዋል ወይ? የደኅንነት ማሻሻያውስ አሁንም ይመጣል? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ግን ትልቁ እሱ ነው።

ቲንክፓድ ኤክስ200 እና ኤክስ230

ሁለቱም በክፍት ምንጭ ወዳጆች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የ2008ቱ ኤክስ200 ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና እስከ 8 ጊጋባይት ራም ይይዛል። ሊብሬቡት የተባለው ክፍት የማስነሻ ፈርምዌር ሲጫንበት የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። ማኔጅመንት ኢንጂን ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይቶ የሚሠራ፣ የራሱ ሶፍትዌር ያለው ንዑስ ኮምፒውተር ነው። ስጋቱ የፈጠራ ወሬ አይደለም፦ በ2017 በዚሁ ክፍል ላይ በሚሠራው የርቀት መቆጣጠሪያ ባዶ የይለፍ ቃል ምላሽ በመላክ ብቻ መግባት የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቷል። ያ የርቀት መቆጣጠሪያ የሚገኘው ቪፕሮ ምልክት ባላቸው የቢሮ ማሽኖች ላይ ነው፤ ከቢሮ ወጥቶ የሚሸጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የኤክስ200 ችግሩ ሌላ ነው። ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ በ2018 ይፋ ሲሆን ኢንቴል ለዚህ ትውልድ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ እንደማያወጣ አሳውቋል። ቀኑን ሙሉ የማታውቁትን ድረ ገጽ በብራውዘር የምትከፍቱ ከሆነ፣ ማኔጅመንት ኢንጂንን አስወግዳችሁ በሌላ በኩል በር ትከፍታላችሁ። ለዕለት ሥራ አንመክረውም። ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለሚቀመጥ ማሽን፣ ለምሳሌ የምስጠራ ቁልፍ ለማመንጨትና ለመያዝ፣ ግን አሁንም ጥሩ ነው።

ኤክስ230 (2012) 16 ጊጋባይት ራም ይቀበላል፤ የስፔክተር ማሻሻያም ደርሶታል። በእሱ ላይ ማኔጅመንት ኢንጂንን ጨርሶ መደምሰስ አይቻልም፤ ከደመሰሳችሁት ማሽኑ ከ30 ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ኤምኢ ክሊነር የተባለው መሣሪያ አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ለማስነሻ የሚያስፈልገውን ብቻ ያስቀራል።

በኤክስ230 ላይ ኮርቡትን፣ ማለትም የፋብሪካውን ባዮስ የሚተካ ክፍት የማስነሻ ፈርምዌር፣ መጫን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። መዳፍ ማሳረፊያው ሲነሳ ሁለት ባለ ስምንት እግር ቺፖች ታያላችሁ፤ ወደ ስክሪኑ የቀረበው 4 ሜጋባይት ሲሆን ባዮሱን ይይዛል፣ ወደ እናንተ የቀረበው 8 ሜጋባይት ሲሆን ማኔጅመንት ኢንጂን ያለው በእሱ ላይ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በፋብሪካው ባዮስ አማካይነት የኪቦርዱንና የባትሪውን መቆጣጠሪያ ቺፕ ፈርምዌር አሻሽሉ፤ ኮርቡት እሱን ስለማይነካው ኋላ ማሻሻል ያስቸግራል። ከዚያ ባትሪውን፣ ቻርጀሩንና ትንሿን የሰዓት ባትሪ ንቀሉ። እያንዳንዱን ቺፕ በክሊፕ ይዛችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አንብቡና የፋይሎቹን ቼክሰም (ከይዘታቸው የሚሰላ መለያ ቁጥር) አነጻጽሩ። ካልተመሳሰለ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ መጻፍ ማሽኑን እንዳይነሳ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ የባለ ገመዱ ኔትወርክ አድራሻ ሳይቀር በውስጡ አለ።

በርካሽነቱ ሁሉም የሚገዛው ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ) በ3.3 ቮልት በሚሠራ ቺፕ ላይ በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት ይልካል። አንዳንዴ ምንም አይሆንም፣ አንዳንዴ ቺፑ ይቃጠላል። በምትኩ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለውን ትንሽ ቦርድ ተጠቀሙ፤ መስመሮቹ 3.3 ቮልት ናቸው።

ከኮርቡት በኋላ ፋብሪካው ካልፈቀደው የዋይፋይ ካርድ የሚከለክለው ገደብ ይነሳል፤ የባትሪው ገደብ ግን ያለው በመቆጣጠሪያ ቺፑ ውስጥ ስለሆነ ይቀራል። ዋይፋዩን ያለ ዝግ የፈርምዌር ፋይል ለማንቀሳቀስ የአቴሮስ ኤአር9462 ካርድ አስገቡ፤ ብሉቱዙ ግን ፋይል ይፈልጋል፣ ፍጥነቱም ከዋይፋይ 4 አያልፍም። ቪዲዮ ላይ ደግሞ ቪፒ9 እና ኤቪ1 የተባሉትን የቪዲዮ ቅርጸቶች በሃርድዌር ስለማይፈታ ፕሮሰሰሩ ይደክማል፣ ፋኑም ይጮኻል።

ፍሬምወርክ 13

በ2021 ገበያ የወጣው ይህ ላፕቶፕ ለመጠገን የተሠራ ነው፤ ማዘርቦርዱ ሳይቀር አብሮ በሚመጣው ብሎን መፍቻ ይቀየራል። የካሜራና የማይክሮፎን ማጥፊያው ሶፍትዌር የማያልፈው የሃርድዌር ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የመቆጣጠሪያ ቺፑ ኮድ ክፍት ነው፤ ባዮሱ ግን ዝግ ነው። ኢንቴል የያዘው ማኔጅመንት ኢንጂን፣ ኤኤምዲ የያዘው ደግሞ የራሱ የደኅንነት ፕሮሰሰር አለው፤ አንዱን ከሌላው በግላዊነት የሚያስመርጥ ነገር የለም።

ታዲያ ለምን እንመክረዋለን? ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ስጋት ላፕቶፑ መሰረቁና ሶፍትዌሩ ሳይሻሻል መቆየቱ ስለሆነ ነው። ዲስኩን በለክስ (የሊኑክስ የዲስክ መመስጠሪያ) መመስጠር፣ የባዮስ የይለፍ ቃል ማስገባትና ፈርምዌሩን በሊኑክስ ውስጥ ኤፍደብሊውአፕድ በተባለው መሣሪያ ማሻሻል ከማኔጅመንት ኢንጂን ጋር ከመታገል የበለጠ ይጠብቃችኋል። አዲስ ማሽን በኮርቡት ካልሆነ አልገዛም ለሚል ሲስተም76 እና ፒዩሪዝም የተባሉ አምራቾች አሉ። የፒዩሪዝሙ ሊብረም 14 ዋይፋዩንም በማብሪያ ማጥፊያ ያቋርጣል፤ ፕሮሰሰሩ ግን የኢንቴል 10ኛ ትውልድ ስለሆነ ያረጀ ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ 5

ይህ ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ለዴስክቶፕ ሳይሆን ለቤት ሰርቨር የሚገዛ ነው። ፋይሎቻችሁን በሰው ሰርቨር ላይ ከማስቀመጥ ያድናችኋል። የማስነሻ ፈርምዌሩ ዝግ ነው፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ ግን ክፍት ነው። 5 ቮልት 5 አምፒር አስማሚ ይፈልጋል፤ የ3 አምፒር ካገኘ ለዩኤስቢ ወደቦቹ በጠቅላላ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ይሰጣል። ውጫዊ ዲስክ እየተቋረጠ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ አስማሚውን ይይ። ዘወትር የሚሠራ ሰርቨር በኤስዲ ካርድ ላይ አይሁን፤ በፒሲአይ ማገናኛው በኩል ኤንቪኤምኢ ዲስክ ግጠሙለት።

ሪስክ-ቪ

ቪዥንፋይቭ 2 በአዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ብዙም የማይገኝ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ማስነሻው ዩ-ቡትና ኦፕንኤስቢአይ የተባሉ ክፍት ፕሮግራሞች ስለሆነ ኮዱን ራሳችሁ አጠናቅራችሁ መጫን ትችላላችሁ። ዴቢያን 13 ከነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሪስክ-ቪን በይፋ ይደግፋል። እዚህ ድረስ መልካም ነው። ፍጥነቱ ግን 1.5 ጊጋኸርዝ ሆኖ ከራስፕቤሪ ፓይ 4 እንኳ ያንሳል፤ የቬክተር መመሪያዎችም (ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰሉ ትእዛዞች) የሉትም። ዲፕኮምፒውቲንግ ለፍሬምወርክ 13 የሠራው የሪስክ-ቪ ማዘርቦርድም የሚጠቀመው ይህንኑ ቺፕ፣ ጄኤች7110ን ነው።

አሁን ለመግዛት የሚያሳስበው ዋናው ነገር ደረጃው መቀየሩ ነው። አርቪኤ23 የተባለው፣ ቺፑ ሊያውቃቸው የሚገቡ መመሪያዎችን የሚወስነው ደረጃ የጸደቀው በጥቅምት 2024 ሲሆን ኡቡንቱ ከ25.10 ጀምሮ እሱን ግዴታ አድርጓል። ከቬክተር ጋር የመጣው የስፔስሚት ኬ1 ቺፕ እንኳ አያሟላውም፤ በኡቡንቱ 24.04 ላይ ይቀራል። ክፍት መሆን ከስህተት እንደማያድን ደግሞ ጎስትራይት አሳይቷል። በ2024 በቲ-ሄድ ሲ910 ኮር ላይ የተገኘው ይህ ቀዳዳ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ቀጥታ ወደ ፊዚካል ሜሞሪ እንዲጽፍ ያስችላል። ስህተቱ ሲሊከኑ ውስጥ ስለሆነ በማሻሻያ አይጠገንም፤ መፍትሔው የቬክተር ክፍሉን ማጥፋት ብቻ ነው። ሊቺፓይ 4ኤ የተባለው ቦርድ የተሠራው በዚህ ኮር ነው፤ ቬክተሩን ፈልጋችሁ እሱን አትግዙ።

ኮምፓይለር ለሚጽፍ፣ ሶፍትዌር ወደ ሪስክ-ቪ ለሚያሸጋግር ወይም ለተማሪ ቪዥንፋይቭ 2 ዋጋውን ያወጣል። ባንክ ለሚገባበትና ስብሰባ ለሚሳተፍበት ማሽን አርቪኤ23 የሚያሟላ ቺፕ ያለው ካላገኛችሁ ጠብቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ላፕቶፕ ከሆነ ሊኑክስ ያለበት ዩኤስቢ ይዛችሁ ሂዱ። አስነሱት፣ ዋይፋይ ይገናኝ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱና ከእንቅልፉ መንቃቱን እዩ፤ የከርነሉን መልእክት ከፍታችሁም ያልተገኘ ፈርምዌር ስም ይዘርዝር እንደሆነ አንብቡ። ያገለገለ ቲንክፓድ ከሆነ ባዮሱ ውስጥ ግቡ። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ተዉት። ኮምፒውትሬስ የሚለውን የስርቆት መከታተያም ፈልጉ፤ ከሌላ ድርጅት ጋር እንደተያያዘ በርቶ ካገኛችሁት ማሽኑ ከየት እንደመጣ ሻጩን ጠይቁ።