ሮሪ ጋላገር ወይስ ስቲቪ ሬይ ቮን?

ብሉዝ ሮክን፣ ማለትም ብሉዝንና ሮክን ያቀላቀለውን ሙዚቃ፣ መስማት ለሚጀምር ሰው ከእነዚህ ሁለት ጊታር ተጫዋቾች ማንን ማስቀደም ይሻላል?

የቴክሳሱ ቮን በጣቶቹ ጉልበት አቻ አይገኝለትም፤ ወፋፍራም ክሮች ወጥሮ ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በስዊዘርላንዱ የሞንትሮ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከታዳሚው ከፊሉ ቢጮህበትም፣ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ እዚያው አይቶት በቀጣዩ ዓመት በወጣ አልበሙ አስጫወተው። በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት ገና 35 ዓመቱ ነበር፤ ያሳዝናል።

እኔ ግን አየርላንዳዊውን ጋላገርን አስቀድማለሁ። በ1963 ኮርክ ውስጥ በ100 ፓውንድ የገዛት ስትራቶካስተር የተባለች የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቀለሟ ተልጦ እንጨቷ እስኪወጣ ድረስ ከእጁ አልተለየችም። የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት በቦምብ ስትናወጥ ሌሎች ሙዚቀኞች ሲሸሿት እርሱ እየተመላለሰ ተጫውቶላታል። ቮን ሲጫወት ችሎታው ያስደንቀኛል፤ ጋላገር ሲዘፍን ግን ለእኔ ብቻ የሚናገር ይመስለኛል። በ1974 አየርላንድን ዞሮ የቀረፀው የመድረክ አልበሙ ይቅደም፤ ቮን ይከተል።